ዘንዶው ቶሎ ይሞታል

የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ የተሣለበትን ሸራ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ከባህል ዕቃ ሱቅ እስከ ሆቴል ሳሎን፣ ከምግብ ቤት እስከ አሮጌ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ድረስ ተሰቅሏል። በተለመደው መልኩ 44 ሣጥኖች አሉት፤ በአራት ረድፍ፣ በየረድፉ 11። እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ በየሣጥኑም አንዳንድ መስመር አማርኛ ተጽፎበታል። ከ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ወዲህ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊያን ደጋግመው ሣሉት፣ ከእነሱ የተማሩት ቀጠሉበት፣ ቱሪስት ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። እኛ ደግሞ የግድግዳ ጌጥ ነው ብለን ቀና ሳንል እናልፈዋለን።

ቆም ብሎ ላነበበው ግን ሌላው ዓለም ግራፊክ ኖቭል እያለ በመጽሐፍ መልክ የሚሸጠው ነገር ሁሉ እዚያ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች አገሩን የሚገዛው ዘንዶ ነው። ሕዝቡ ይሰግድለታል፣ ይገብርለታል። አጋቦስ የሚባል ሰው መርዝ ያበላውን ፍየል ያቀርብለትና ዘንዶው በልቶ ይሞታል፤ ገዳዩም ይነግሣል። ዙፋኑን ሴት ልጁ ትወርሳለች። ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ዝና ይዞላት ይመጣል። ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ፣ ግብዣ፣ ቀለበት፣ አባቱን ፍለጋ የሚወጣ ልጅ፣ በመጨረሻም ከቤተ መቅደስ በሌሊት የሚወጣ ታቦት። በክብረ ነገሥት እንደተጻፈው ከታቦቱ ጋር የሚጓዙት ሠረገላዎች ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብለው በአየር ይሄዳሉ፤ ቀይ ባሕርንም ሳይነኩት ይሻገሩታል።

ለሚያምን ሰው ይህ ተረት አይደለም፤ እኔም ተረት ነው ለማለት አልተነሣሁም። የምናገረው ስለ አነጋገሩ ነው። ድንቅ ነገር በተከታታይ ሥዕል የሚነገርበት ይህ ዘዴ ለማን ተብሎ ተሠራ ቢባል መልሱ ግልጽ ነው፤ ለቤተሰቡ ሁሉ። የልጆች ሸራ እና የአዋቂዎች ሸራ የሚባል ነገር አልነበረም። ክርክሬም ከዚህ ይነሣል። ዛሬ በአገራችን ኮሚክ ለመሥራት የሚነሡ ወጣቶች የሚገጥማቸው ትልቁ እንቅፋት፣ ሥዕል ያለበት ጀብዱ የልጅ ጨዋታ ነው የሚለው አመለካከት ነው። ይህ አመለካከት ደግሞ ጥንታዊ ባህላችን ይመስለናል እንጂ የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው፤ ጠንክሮ ከቀጠለም የምናጣው የልጆችን ሥነ ጽሑፍ ብቻ አይሆንም።

ዓይን ያለው ሰው የግብዣውን ሣጥን ቀረብ ብሎ ይይ። ሰሎሞን ለንግሥቲቱ ቅመም የበዛበት፣ ውኃ የሚያስጠማ ምግብ አቅርቦላታል። ቀድመው ተማምለዋል፤ እሱ በግድ ላይደርስባት፣ እሷ ከቤቱ ንብረት አንዳች ላትወስድ። በሌሊት ውኃ ጥሟት ትነሣለች፣ ማሰሮውን ስታነሣ እጇን ይይዛል፣ በምድር ላይ ከውኃ የሚበልጥ ንብረት አለ ወይ ብሎ ይሞግታታል። በቀጣዩ ሣጥን ብዙዎቹ ሠዓሊያን አልጋ ይሥላሉ፤ ከብርድ ልብሱ በላይ የሁለት ሰው ጭንቅላት ብቻ ይታያል፣ ዘውዳቸውን ሳያወልቁ የተኙበት ሸራም አይቻለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ እዚህ ላይ የሚያነበው የብልጠት ጨዋታ ነው፤ ንጉሡ ሚጥሚጣ አብልቶ በውኃ አታለላት፣ አበቃ። አጠገቡ የቆመችው እናቱ ግን ስለ መሐላ፣ ስለ ሥልጣን፣ በሰው ቤት ስላደረች ሴት የምታስበውን ታስባለች። ሥዕሉ ለሁለቱም እኩል ክፍት ነው። ልጁን አላስወጣውም፣ እናቲቱንም አላሰለቻትም። ልጅና አዋቂ እኩል የሚወዱት ሥራ ምሥጢሩ ይህ ይመስለኛል፤ አንዱን ሣጥን ሁለት ሰው ሁለት አድርጎ እንዲያነበው መተው።

ሠዓሊዎቻችን የዚህን ቋንቋ ሰዋስው በደንብ ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከሩቅ ሆኖ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ይለያል። የበላዔ ሰብእን ታሪክ አስቡት፤ 78 ሰው የበላ ሰው በስመ ማርያም ለለመነው ሕመምተኛ አንድ ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ፣ በፍርድ ቀን ሚዛኑ በዚያች ውኃ ሲያጋድል። የዛሬ አሳታሚ ይህን ቢቀበል በየትኛው መደርደሪያ እንደሚያኖረው ይቸግረዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ሕፃን ባዘለች ሴትና በሽማግሌ ፊት፣ በአንድ ግድግዳ ላይ አስቀመጠው። ማንም ለልጅ ይከብዳል አላለም።

ታዲያ ክፍፍሉ ከየት መጣ? ከተረቱ አይደለም። ማታ እሳት ዳር ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲወራ አያትም ይስቃሉ፣ እንግዳም ይስቃል። ከመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድም አይደለም፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙት ሥራ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጃገረድ ያለችበት፣ ምርኮና ፍለጋ የሞላበት ጀብዱ ነው። የአማርኛ ልብወለድ ሲወለድ ከባድ ሆኖ አልተወለደም፤ ክብደቱን በኋላ ነው የጨመረው። እኔ እንደሚታየኝ መለያየቱ የመጣው ከትምህርት ቤትና ከሰዓት ክፍፍል ጋር ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ለልጆች የራሳቸው ጊዜ ተሰጣቸው፤ አባባ ተስፋዬ ሣህሉም ለአርባ ዓመት ያህል በዚያ ሰዓት ተረት አወሩ። እሳቸው ራሳቸው የልጅ ሰው ብቻ አልነበሩም፤ የመድረክ ተዋናይ ነበሩ፣ ኮሪያ ድረስ ዘምተው ወታደሩን አጫውተዋል፤ ሳሎን ውስጥ ልጅ አስቀምጦ እሳቸውን ሲያይ የነበረው አዋቂም ቁጥሩ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ሰዓቱ የልጆች ሰዓት ተባለ። ቀስ በቀስ ተረት፣ ጭራቅና በራሪ ፈረስ ወደዚያ ሰዓት ተገፉ፤ ለአዋቂው የቀረለት ዜና፣ ድራማና ታሪክ ነው።

ሌላው ገፊ ከዚያ በኋላ የመጣው የፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ለልጆች የሚሠራ ሥዕልና አኒሜሽን በአብዛኛው መልእክት እንዲያደርስ ተብሎ የሚደጎም ሆነ። ጥሩ ሥራ አልተሠራም ማለቴ አይደለም። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ በዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የሠሩት የፀሐይ ፕሮግራም ብዙ ልጅ ፊደል ያስለየ ሥራ ነው፤ ከዚያ የተከተሉት ሦስቱ ልዩ ኃይል ያላቸው የጥበብ ገርልስ ልጃገረዶችም ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን የመሰለ፣ ሌላው ደፍሮ የማያነሣውን ነገር በጀግና ልብስ አንሥተውታል። ቢሆንም እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀምር መጨረሻው ይታወቃል። ልጁ ይታዘዛል፣ አዋቂው ምክሩን ከመጀመሪያው ገጽ ይሰማና ይነሣል። የሳባ ሸራ ላይ ግን ንጉሡ ጥሩ ሠራ ወይስ አጠፋ የሚል ፍርድ የለም፤ ሰው ሸራው ሥር ቆሞ ይከራከራል።

ይህን የምጽፈው ከአቃቂ ቃሊቲ ነውና የሠፈሬን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ቃሊቲ ሲባል የከተማው ሰው ቶሎ የሚመጣበት እስር ቤቱ ነው፤ ቀጥሎ ጉምሩኩ፣ መናኸሪያው፣ የከባድ መኪናው ሰልፍ። እዚህ የኖረ ሰው ደግሞ ቪዲዮ ቤቱን ያስታውሳል። በጭቃ ቤት፣ በወፍራም መጋረጃ የተጋረደ፣ በአግዳሚ ወንበር የሞላ፤ የሌሊት ተረኛ የፋብሪካ ሠራተኛ ቱታውን ሳያወልቅ፣ ከትምህርት ቤት የጠፋ ተማሪ ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ፣ ወያላው፣ ጫኝና አውራጁ አንድ አግዳሚ ላይ ተጣበው የሕንድና የካራቴ ፊልም ያያሉ። አንዱ ቋንቋውን የሚያውቅ መስሎ ከፊት ተቀምጦ ይተረጉማል፤ አብዛኛውን ከራሱ ይፈጥራል፣ ይህም ፊልሙን ያሻሽለዋል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሰው ግድግዳ ሰብሮ ሲያልፍ ማንም ይህ የልጅ ነው ብሎ የወጣ የለም። እንግዲህ በድንቅ ጀብዱ የሚደሰት አዋቂ አንባቢ የለንም የሚለው አሳታሚ ተመልካቹን አላየውም ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በጀመረው ባቡር ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚመላለስ ወጣት በስልኩ የጃፓን ማንጋ ያነብባል፣ አኒሜ ያያል። ናሩቶን የማያውቅ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፈልጋችሁ አምጡ። ፍላጎቱ አለ፤ የሚረካው ግን በሌላ አገር ዘንዶ ነው።

የውጭውን ልምድ ካነሣን አንድ ሥራ ብቻ ላንሣ። አሜሪካዊው ጄፍ ስሚዝ ቦን የተባለውን ሥዕላዊ ልብወለድ በ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2004 ጨረሰ፤ 55 ቅጽ፣ ሲጠቃለል ከ1300 ገጽ በላይ። ከአገራቸው የተባረሩ ሦስት የአጎት ልጆች ወደማያውቁት ሸለቆ ይገባሉ፤ እዚያ ዘንዶ አለ፣ ከላም ጋር የምትሽቀዳደም ጉልበታም አያት አለች፣ የተደበቀች ልዕልት አለች፣ ሞኝ ግን የሚያስፈሩ አይጥ መሳይ አውሬዎች አሉ። ስሚዝ አሳታሚ ደጅ አልጠናም፤ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ራሱ አሳተመው፣ በጥቁርና ነጭ። መጀመሪያ የገዙት በኮሚክ ሱቅ የሚመላለሱ አዋቂዎች ናቸው። ከ2005 ጀምሮ ስኮላስቲክ የተባለው የትምህርት መጻሕፍት አሳታሚ ቀለም ቀብቶ ሲያወጣው ልጆች ወረሱት። ታሪኩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በር ነው። ሰውየው ለልጆች ልጻፍ ብሎ ቢነሣ ኖሮ አያቲቱ ላይ ያለውን ሐዘን ባልጻፈው፣ ለአዋቂ ልጻፍ ብሎ ቢነሣም የላሟን ሩጫ ባፈረበት ነበር።

ከእኛ ወገን ለዚህ መንገድ ቅርብ የሆነው በሰራት ደበበ ነው። በእጣን ኮሚክስ ስም በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀምበር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና እየተባለ ተወርቶለታል፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተዘጋጅቷል። ከዚያ ሐዊ ተከተለች፤ ውጭ አገር ያደገች ልጅ ከእናቷ ጋር አገር ቤት መጥታ እናቷ ስትታገትባት የሚጀምር ነው። የጀምበርን መነሻ እወደዋለሁ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ኃይል ከማግኘቱ በፊት ሥራ አጥቷል። ይህችን ነገር ልጅ በአንድ ገጽ አልፏት ወደ ፍልሚያው ይሮጣል። በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሞ የሥራ ልምድ የሚለውን መስመር ያነበበ ሰው ግን እዚያው ገጽ ላይ ይቀራል፤ ምክንያቱም ለእሱ ምናባዊው ክፍል ሥራ ማግኘቱ ነው። ሁለት ንባብ ያለው ሣጥን ማለት ይህ ነው።

ቅሬታም አለኝ። የልዕለ ጀግና ቅርጽ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞት የሚመጣ ጠባይ አለው፤ ጥብቅ ልብስ፣ ጠላት፣ ግጭት፣ ሌላ ጠላት። ተከታዩ ቅጽ እንዲሸጥ ዘንዶው መሞት የለበትም። የእኛ ሸራ በተቃራኒው ዘንዶውን ገና በመጀመሪያው ረድፍ ገድሎ ያሳርፈዋል። የቀሩት ሣጥኖች የሚያወሩት ስለ ጋብቻ፣ ያለ አባት ስላደገ ልጅ፣ ልጁ በቀለበት ስለመታወቁ፣ የአባትን ቤት ትቶ ወደ እናት አገር ስለመመለስ ነው። ጭራቁ በር ከፍቶ የሚያስገባ ዘበኛ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የምናገኘው የቤተሰብ ነገር ነው። ወጣት ደራሲዎቻችን ከማርቭል ይልቅ ከዚህ ሸራ ቢማሩ ታሪካቸው ዕድሜ የሚያገኝ ይመስለኛል።

መልክዓ ምድራችንን ሌሎች ቀድመውን ተጠቅመውበታል። ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን የኮሚክ ጀግና የፈጠረው ጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነበር፤ አባቱ ከወራሪው ጦር ጋር መጥቶ በ1942 እ.ኤ.አ. በእስር ላይ እያለ ሞተ። ልጁ አገሩ ተመልሶ፣ ካደገ በኋላ የአፋርን በረሃና የቀይ ባሕርን ዳርቻ አውሮፓ ውስጥ ልጅም አዋቂም በሚያነብበው ጀብዱ ሣለው። የመጣበት መንገድ ይመረኛል። ሥራውን ግን አደንቀዋለሁ፤ ምክንያቱም ያየውን አገር እንደ ፖስት ካርድ ሳይሆን ሰው እንደሚከራከርበት ቦታ አድርጎ ሥሎታል።

ከዚያው ዘመን የቀረ ሌላ ነገር አቃቂ አለ። ከሠፈራችን በታች ያለው አባ ሳሙኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሠርቶ የተጠናቀቀ፣ ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት። አርጅቶ ለአሥርት ዓመታት ቆመ፣ በቻይና ርዳታ ታድሶ በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገና ተነሣ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ቆሻሻና የፋብሪካውን ዝቃጭ ተሸክመው እዚያ ይገናኛሉ፤ እምቦጭ ላዩን አልብሶታል። ከዚህ ሁሉ ሥር፣ በአቃቂ መሬት ውስጥ፣ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ንጹሕ ውኃ ከፊሉ ከጥልቅ ጉድጓድ ይሳባል። ከላይ ጥቁር ውኃ፣ ከታች ንጹሕ ውኃ፣ በመካከላቸው ሰው። ይህን ለምናባዊ ታሪክ የሚሆን መነሻ ያላየ ደራሲ ምን ዓይነት ዓለም ሊፈጥር ነው የሚቀመጠው? የዘንዶው ግብር እንኳ ተዘጋጅቶለታል፤ በየወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው ገበሬ ለታችኛው ዓለም ምን እንደሚከፍል ማሰብ ነው። የድሮው ሐዲድ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነቱ ሲያንዣብብ ለዓለም የተናገሩበት፣ በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ አለ፤ ከሞተ ጣቢያ አሁንም ድምፅ የምትሰማ ልጅ ብትኖርስ? እንዲህ ያለ ታሪክ ለልጁ የጭራቅ ነው፣ ለአባቱ የውኃ ቢል ነው።

አንድ መምህር ወዳጄ በዚህ ላይ ይሞግተኛል፤ ሥዕል የለመደ ልጅ ጽሑፍ ለማንበብ ይሰንፋል ይላል። እኔ ደግሞ ሥዕል ያልለመደው ልጅ ምን ያህል እያነበበ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ክርክራችን እዚያ ላይ ይቆማል፤ ለነገሩ በተግባር የሚይዘን ሌላ ችግር አለ። እሱም ወረቀት ነው። ባለ ሙሉ ቀለም፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ መጽሐፍ ለኮንዶሚኒየም ተከራይ ዋጋው የማይቀመስ ነው። ወጣቶቻችን ግን የመጀመሪያ ሥራቸውን ባለ ቀለም ካላደረጉት ያልተሠራ ይመስላቸዋል። ቦን ከአሥር ዓመት በላይ በጥቁርና ነጭ ኖሯል። ጃፓኖቹ ሳምንታዊ ማንጋቸውን የሚያትሙት በርካሽ፣ በሻካራ ወረቀት ነው፤ አንባቢው አንብቦ ባቡር ላይ ቢተወው የማይቆጨው። ጥቁርና ነጭ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ የጥንት ጸሐፍት ቀይና ጥቁር ቀለም ብቻ ይዘው ስንት ነገር ሠርተዋል።

የመሸጫው ነገርም አለ። የመጽሐፍ መደብር የሚባለው በአብዛኛው መሀል ከተማ ተሰብስቧል። ከከተማው ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ኮሚክ ለመግዛት እዚያ የሚሄድ ሰው የለም። ሆኖም ይህች ከተማ ጋዜጣ በኪራይ ያነበበች ናት፤ ሳንቲም ከፍሎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጨርሶ መመለስ። ልብወለድም በየሠፈሩ ሱቅ በቀን ሂሳብ ተከራይቷል። ሃያ አራት ገጽ ያላት፣ በየወሩ የምትቀጥል፣ በጥቁርና ነጭ የታተመች ታሪክ ለዚህ የተመቸች ናት። ቪዲዮ ቤቱ ቢዘጋም አግዳሚው አለ፤ ሊስትሮው ጋ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው እግሩን ሣጥኑ ላይ አድርጎ በባዶ እጁ ተቀምጧል፣ መናኸሪያ ውስጥ መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ አለ፣ ክሊኒክ ደጃፍ ልጇን ይዛ ወረፋ የምትጠብቅ እናት አለች። ለእነዚህ ሁሉ አንዷ ቅጅ በቀን ስንት እጅ እንደምትዞር አስሉት። አሳታሚው የሚያስበው ስንት ቅጅ ተሸጠ ብሎ ነው፤ የኪራዩን ሂሳብ የሚያውቀው ባለ ሱቁ ነው፣ ስለዚህ ንግግሩ ከባለ ሱቁ ጋር መጀመር አለበት።